ራስን በራስ መመርመር፦ ነፍሰ ጡሯ ለባሏ የምትይዘው ኪት

በኤች አይ ቪ ምርመራ «ራስን በራስ መመርመር» የሚባለው ሰው ናሙናውን ራሱ ወስዶ፣ ምርመራውን ራሱ ሠርቶ፣ ውጤቱንም ራሱ የሚያነብበት መንገድ ነው። ሦስቱም መሟላት አለባቸው፤ ናሙና ወስዶ ወደ ላቦራቶሪ የላከ ሰው ራሱን በራሱ መረመረ አይባልም። የዓለም ጤና ድርጅት አሠራሩን እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ ለአገሮች መከረ፤ በ2019 ደግሞ ምክሩን አጠናከረው።

ስሙ ረዘም ይላል፤ ማሳጠሩ ግን አያዋጣም። «የራስ ምርመራ» ቢባል ራሱን ያመመው ሰው የሚታዘዝለት ይመስላል። «ራስን መመርመር» ደግሞ ምእመናን ከንስሐና ከቁርባን በፊት የሚያደርጉት የኅሊና ሥራ ነው። ስለዚህ «በራስ» የምትለው ቃል ትቆይ። ዕቃው ግን «ኪት» ቢባል ይበቃል፤ ለእሱ አዲስ ቃል ፍለጋ መድከም ትርፉ ድካም ነው።

በብዛት የሚታወቀው ዓይነት ደም አይፈልግም። ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነው ዘንግ በላይኛው ድድ ላይ አንድ ጊዜ፣ በታችኛውም ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ይጠረግና ፈሳሽ ባለበት ብልቃጥ ውስጥ ይቆማል። ውጤቱ የሚነበበው ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ ቀድሞም ዘግይቶም ማንበብ ያሳስታል። ከመጀመሩ በፊት ባሉት 15 ደቂቃዎች መብላትም መጠጣትም አይቻልም፤ በአቦልና በቶና መካከል የሚሠራ ነገር አይደለም ማለት ነው። ኪቱ የሚፈልገው ቫይረሱን ሳይሆን ሰውነት በቫይረሱ ላይ ያመረተውን አንቲቦዲ ነው። ናሙናው ከድድ ተወሰደ ተብሎም ቫይረሱ በምራቅ ይተላለፋል ማለት አይደለም። አንቲቦዲው በኪት ለመታየት እስከ ሦስት ወር ሊወስድ ስለሚችል በቅርብ የተያዘ ሰው «የለብህም» ሊባል ይችላል። ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት የጀመረ ሰውም በዚህ ኪት ራሱን መፈተሽ የለበትም፤ መድኃኒቱ ውጤቱን ሊሸፍነው ይችላል።

ለገጠር ነፍሰ ጡር ታዲያ ምን ይፈይድላታል? ብዙ ሰው ቶሎ የሚሰጠው መልስ «ጤና ጣቢያው ሩቅ ነው፤ ቤቷ ትመርመር» የሚል ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። እሷ ለቅድመ ወሊድ ክትትል መሄዷ አይቀርም፤ መቅረትም የለበትም። የደም ግፊቷ፣ የደም ማነሷ፣ የቂጥኝ ምርመራዋ ሁሉ እዚያው ነው፤ የኤች አይ ቪ ምርመራዋም አብሮ ይሠራል። ጤና ጣቢያው ደጃፍ ብዙ ጊዜ የማይታየው ባልየው ነው። እርሻ አለ፣ ገበያ አለ፣ «የሴቶች ቦታ» የሚል እፍረትም አለ። ኪቱ ትልቁን ሥራ የሚሠራው እዚህ ላይ ነው፤ ሴትየዋ አንዱን ለባሏ ይዛለት ትሄዳለች። ባለሙያዎች ለዚህ የሰጡት ስም ቃል በቃል ቢተረጎም «ሁለተኛ ደረጃ ሥርጭት» ይሆናል፤ የመጋዘን ወሬ ነው የሚመስለው። «በሰው እጅ ማድረስ» ብንለው ነገሩ ራሱ ይናገራል።

ይህ መላ ከተፈተነባቸው ቦታዎች አንዷ የኬንያዋ ኪሱሙ ናት። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመው ጥናት 600 ነፍሰ ጡሮችና በቅርብ የወለዱ እናቶች ተካፍለዋል። ለግማሾቹ ኪት፣ ለቀሪዎቹ ባልየውን ወደ ክሊኒክ የሚጠራ ወረቀት ተሰጣቸው። በሦስት ወር ውስጥ ኪት ከወሰዱት ሴቶች አጋሮች 90.8 በመቶው ሲመረመሩ፣ ወረቀት ከተላከላቸው ግን 51.7 በመቶው ብቻ ተመረመሩ። ኪሱሙ ከተማ ናት፤ ልዩነቱ በገጠር ያንኑ ያህል ይሆናል ብዬ አልምልም። ወረቀት እየሰጡ «ባልሽን አምጪው» ማለት ብቻውን ደካማ መንገድ መሆኑን ግን ያሳያል።

ባልየው ይህን ያህል የሚፈለገው ለራሱ ጤና ብቻ አይደለም። ሴትየዋ በመጀመሪያው ክትትል ነፃ ሆና ከዚያ በኋላ፣ በእርግዝናዋ ወይም በማጥባት ላይ እያለች ልትያዝ ትችላለች። አዲስ በተያዘ ሰው ደም ውስጥ ቫይረሱ ስለሚበዛ ወደ ልጁ የማለፉ ዕድል ያን ጊዜ ከፍ ይላል። ምንም ካልተደረገ ከእናት ወደ ልጅ የመተላለፉ መጠን ከ15 እስከ 45 በመቶ ሲሆን፣ ሕክምና ሲኖር ከ5 በመቶ በታች ይወርዳል። ባልየው ቫይረሱ ካለበትና ይህ ቀድሞ ከታወቀ እሱ መድኃኒት ይጀምራል፤ እሷም ነፃ ከሆነች የመከላከያ መድኃኒት ይቀርብላታል።

ሌላው መተርጎም ያለበት ቃል ኪቱ ላይ ሁለት መስመር ሲታይ፣ ማለትም ቫይረሱ ሊኖር እንደሚችል ሲያመለክት፣ የሚባለው ነው። «ተገኘበት» ማለት ስሕተት ነው። «ጠቋሚ ውጤት» ቢባል ይሻላል፤ ኪቱ ወደ ጤና ጣቢያ ይጠቁማል እንጂ አይፈርድም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2012 የድዱን ኪት ለቤት አገልግሎት ሲፈቅድ ይፋ ያደረጋቸው ሁለት ቁጥሮች አሉ። ቫይረሱ ካለባቸው 12 ሰዎች አንዱ በሐሰት «ነፃ» ይባላል፤ ከሌለባቸው 5000 ሰዎች ደግሞ አንዱ በሐሰት ይጠቆማል። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በገጠር የቫይረሱ ሥርጭት 0.4 በመቶ ነበር። በእነዚህ ቁጥሮች 5000 የገጠር አዋቂዎችን እናስላ፦ ቫይረሱ ያለባቸው 20 ያህል ናቸው፤ ኪቱ 18ቱን ይጠቁማል፣ ሁለቱን ያሳልፋል፣ ጤነኛ የሆነ አንድ ሰው ደግሞ ያስደነግጣል። ማን የቱ እንደሆነ የሚለየው በባለሙያ የሚሠራው የማረጋገጫ ምርመራ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም «ቫይረሱ አለ» ለማለት ሦስት ተከታታይ ምርመራዎች እንዲስማሙ ይመክራል።

የአየሩም ነገር አለ። ኪቱ ከ2 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ይቀመጣል። በዚያው የኢትዮጵያ ጥናት ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ሥርጭት፣ 4.8 በመቶ፣ የታየው በጋምቤላ ሲሆን ጋምቤላ ደግሞ ቆላ ናት። ኪቱ ይበልጥ በሚፈለግበት ቦታ የማስቀመጫው ነገር ይከብዳል፤ ለአንዲት ሴት ኪት ሲሰጥ ሣጥኑን ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥርና ከምድጃ አርቃ ጥላ ቦታ እንድታኖረው መንገር ያስፈልጋል።

«በራስ» ማለት ለባልየውም ይሠራል፤ ተገዶ ከተመረመረ ስሙ ፈረሰ። ለሴትየዋም እንደዚያው ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ወይም አዋላጇ የባልየውን ኪት ከመስጠቷ በፊት ለብቻቸው ሆነው መጠየቅ አለባት፦ ይህን ይዘሽ ብትገቢ ቤት ውስጥ ምን ይፈጠራል? ድብደባ ወይም መባረር የምትፈራ ሴት ኪቱን «አልወስድም» ማለት ትችላለች፤ ክትትሏም ሳይጓደል ይቀጥላል።