የወፍራም ድምፅ ቅኝት፦ ከበገና እስከ ሰብዉፈር

ከአዳማ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በአዋሽ ዳር የምትገኘው ሶደሬ ስሟ የሚነሣው በፍልውሃዋ፣ በመዋኛ ገንዳዋና በዛፎቿ ጥላ ነው፤ ነገር ግን ወደ እርሷ የሚወስደው መንገድ በሚያልፍበት በአዋሽ መልካሳ አካባቢ ወንዙ ሌላም ሥራ ይሠራል፣ ተርባይን እያዞረ የኤሌክትሪክ ኃይል ያመነጫል። ዛሬ በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ጎን መሬት ላይ የሚቀመጠው ሰብዉፈር፣ ማለትም ዝቅተኛ ድምፆችን ብቻ እንዲያወጣ ተለይቶ የተሠራ ድምፅ ማጉያ፣ ከዚህ ኃይል ጋር የተሳሰረ ታሪክ አለው። የታሪኩ ሥር ግን ከኤሌክትሪክ በፊት የተተከለ ነው፤ ወፍራም ድምፅ በዘመናት ሁሉ ያማረው በጉልበት ብቻ ሳይሆን በቅኝት ነውና።

ድምፅ በአየር ውስጥ የሚጓዝ ርግብግቢት ሲሆን፣ በሴኮንድ ውስጥ የሚደረጉት ርግብግቢቶች ብዛት ድግግሞሽ ይባላል፤ መለኪያውም ኸርዝ ነው። የሰው ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ያህል ይሰማል፤ ሰብዉፈር የሚያገለግለው የዚህን ስፋት ታችኛ ጫፍ፣ በአብዛኛው ከ20 እስከ 120 ኸርዝ ያለውን ነው። ይህን የድምፅ ወለል የኢትዮጵያ ባለሙያዎች ያለ ኤሌክትሪክ ሲያበጁት ኖረዋል። ከግንድ ተፈልፍሎ በቆዳ የሚለበጠው ከበሮ በሰፊው ፊቱ ወፍራሙን፣ በጠባቡ ቀጭኑን ድምፅ ይሰጣል፤ ቆዳው በእርጥበት ሲላላም ድምፁ እንዲመለስ ፀሐይ ላይ ወይም እሳት ዳር ይሞቃል። የአሥሩ አውታር በገና ብልሃት ደግሞ ከዚህ የረቀቀ ነው፤ በየአውታሩና በድልድዩ መካከል እንዚራ የሚባል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ይገባል፣ ደርዳሪውም አውታሩ የሚፈለገውን የሚነዝር ድምፅ እስኪያወጣ ድረስ እንዚራውን በጥቂት በጥቂቱ ያንቀሳቅሳል። ይህ ንዝረት በመሠረታዊው ድምፅ ላይ ከፍ ያሉ ድርብ ድምፆችን ይጨምራል፤ ጆሮም እነዚህን ሲሰማ፣ መሠረቱ ደካማ ቢሆን እንኳ፣ ከድርቦቹ ተነሥቶ መሠረቱን ራሱ ያሟላል።

ይህ የጆሮ ጠባይ ባይኖር ኖሮ የሬዲዮና የሸክላ ዘመን አድማጭ የሙዚቃውን መሠረት ባልተረዳ ነበር፤ የትንንሽ ሬዲዮኖች ድምፅ ማጉያ ወፍራሙን ድምፅ ጨርሶ ማውጣት አይችልምና። ሸክላውም ቢሆን ወሰን ነበረበት፤ ዝቅተኛ ድምፅ ሰፊ ቦይ ስለሚፈልግ ሲቀረጽ ተቀንሶ፣ ሲጫወት በአምፕሊፋየር መልሶ እንዲጎላ ይደረግ ነበር። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ባቋቋመው አምሃ ሪከርድስ የታተሙት ሸክላዎች በየቤቱ የተደመጡት በዚህ ወሰን ውስጥ ነው። ወፍራሙ ድምፅ በሙላት የሚገኘው ባንዱ ራሱ ባለበት ነበር፤ በ1970ዎቹ በአዲስ አበባው ራስ ሆቴል ይጫወት በነበረው አይቤክስ ባንድ ውስጥ የጆቫኒ ሪኮ ቤዝ ጊታር የሙዚቃው ምሰሶ ሲሆን፣ ያን ድምፅ ለአዳራሽ ማብቃት ግን ትልቅ ሳጥንና አስተማማኝ የኤሌክትሪክ ኃይል ይጠይቅ ነበር።

ኃይሉን ያመጣው በዋናነት አዋሽ ነው። በኢጣሊያ የጦር ካሣ የተሠራው የቆቃ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1960 ተመረቀ፤ ከእርሱ በታች አዋሽ 2 በ1966፣ አዋሽ 3 በ1971 ሥራ ሲጀምሩ፣ እያንዳንዳቸው 32 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ነበራቸው። ኤሌክትሪኩ በተዳረሰበት ሁሉ ድምፅ ማጉያ ተከተለ፤ ሞንታርቦ የሚለው የኢጣሊያ አምራች ስም በሰርግና በስብሰባ ላይ ለሚቆመው ትልቅ ማጉያ የወል ስም ሆኖ መቅረቱም ያ ዘመን በቋንቋው ላይ የተወው አሻራ ነው።

በውጭው ዓለም በዚሁ ዘመን የምህንድስናው ጥያቄ ወፍራምን ድምፅ ከትንሽ ሳጥን እንዴት ማውጣት ይቻላል የሚል ነበር። አሜሪካዊው ኤድጋር ቪልቹር እ.ኤ.አ. በ1954 ይፋ ባደረገው ማጉያ አየር የማያስገባ ሳጥን ሠርቶ፣ በውስጡ የታፈነው አየር የማጉያውን ሸራ እንደ ሞላ መልሶ እንዲገፋው አደረገ፤ በኋላም ኔቪል ቲልና ሪቻርድ ስሞል በአውስትራሊያ የሠሩት ሥራ የሳጥንን ልክ ከግምት ወደ ስሌት አሻገረው። ሲኒማውም ተከተለ፤ በ1974 «የመሬት መንቀጥቀጥ» የተሰኘው ፊልም ወንበር በሚያርገፈግፍ ዝቅተኛ ድምፅ ታጅቦ ታየ፣ በ1992 የመጣው ዶልቢ ዲጂታል ደግሞ ለዝቅተኛ ድምፅ ብቻ የተለየ መስመር መደበ። በዕቃው ካርቶን ላይ «5.1» ተብሎ ሲጻፍ ከነጥቡ ቀጥሎ ያለው 1 ይህን መስመር ያመለክታል። ቴፕ፣ ዴክና ቪዲዮ ቤት ያሳደጉት የኢትዮጵያ ከተማ ተመልካችም በመጨረሻ ሆም ቲያትር የሚባለውን ስብስብ ሳሎኑ አስገባ።

ሳሎን ግን አዳራሽ አይደለም። 43 ኸርዝ የሆነ ድምፅ የሞገዱ ርዝመት 8 ሜትር ያህል ስለሆነ፣ 4 ሜትር ርዝመት ባለው ክፍል ውስጥ ግማሽ ሞገድ በልክ ይገጥማል፤ ከግድግዳ ግድግዳ ሲመላለስም ግድግዳው ሥር እጅግ ይጎላል፣ ክፍሉ መሃል ግን ይጠፋል። የቤቱ አሠራርም ድርሻ አለው፤ በብሎኬት ተገንብቶ በሲሚንቶ የተለሰነ ግድግዳ ዝቅተኛውን ድምፅ አንጥሮ ሲመልስ፣ ስስ ኮርኒስ እየተርገበገበ ከፊሉን ይውጣል፣ በደንብ ያልተመታ ቆርቆሮ ደግሞ በራሱ ድምፅ ይንቀጫቀጫል። ስለዚህ ሰብዉፈርን ማሻሻል ብዙውን ጊዜ በትልቅ ዕቃ ግዢ አይጀምርም፤ ዕቃው ለጊዜው አድማጩ በሚቀመጥበት ወንበር ላይ ይደረግና ቤዙ የተከታተለ ሙዚቃ ይከፈታል፣ ሰውም ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ወደ ወለሉ አስጠግቶ በግድግዳው ዙሪያ ሲሄድ ድምፁ ሳያጓራም ሳይጠፋም እኩል የሚሰማበትን ቦታ ያገኛል፣ ሰብዉፈሩም እዚያ ይቀመጣል። ቀጥሎ ሥራ የሚያካፍለው ክሮስኦቨር፣ ከእርሱ በታች ያለውን ድምፅ ለሰብዉፈር ከበላዩ ያለውን ለሌሎቹ ማጉያዎች የሚሰጠው ወሰን፣ በብዛት ከሚመከረው 80 ኸርዝ ይጀመራል፤ የድምፁ መጠን የሚወሰነው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

በኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መስመር የሚጓዘው ተለዋዋጭ ኃይል በሴኮንድ 50 ሙሉ ዙር ይመላለሳል፤ ይህ ቁጥር የሚያርፈው በሰብዉፈሩ ክልል መካከል ነው። የምድር መስመሩ ጉድለት ሲኖርበት ወይም ገመዱ በአግባቡ ሳይያያዝ ሲቀር፣ ሙዚቃ ሳይከፈት ከሳጥኑ የሚወጣው የማያቋርጥ እምታ ከዚሁ የሚመጣ ነው። አዋሽን ጨምሮ የአገሪቱ ወንዞች የሚያዞሯቸው ጄነሬተሮች ሁሉ አብረው የሚጠብቁት ምት እንዲህ ሲሆን ያለ ተራው ሳሎን ገብቶ ይሰማል፤ መፍትሔውም ገመዱንና የምድሩን መስመር ማስተካከል እንጂ ሰብዉፈሩን በሌላ መለወጥ አይደለም።

እንዚራውን በጥቂት በጥቂቱ የሚያንቀሳቅሰው ደርዳሪ፣ ከበሮውን እሳት ዳር የሚያሞቀው መቺና ሳጥኑን ከግድግዳው አንድ ክንድ ፈቀቅ አድርጎ እንደገና የሚያዳምጠው ባለቤት የያዙት ሥራ አንድ ነው። የአማርኛው ቃልም ይህን ሥራ ያውቀዋል፤ መቃኘት ማለት አውታሩን ማጥበቅ ብቻ አይደለም፣ ድምፁን ከሚኖርበት ስፍራና ከሚሰማው ጆሮ ጋር ማስማማትም ነው። ይህን የተረዳ ሰው ትንሿን ሰብዉፈር ሳይንቅ በሚገባ ይቃኛታል፤ ትልቁን የሚገዛውም የትንሿን ልክ ካወቀ በኋላ ይሆናል።