ራንታምቦር፦ ከነገሥታት የአደን ሥፍራ ወደ ታይገር መጠለያ

በሕንድ ራጃስታን ግዛት የሚገኘው የራንታምቦር ደን ዛሬ በዘጋቢ ፊልሞች በዓለም የታወቀው በታይገሮቹ፣ ማለትም በኢትዮጵያ ከሚኖረው ነጠብጣባም ነብር በግዝፈታቸውና በጥቁር ሸንተረራቸው በሚለዩት አራዊት ሲሆን፣ ከመመንጠር የተረፈው ግን አስቀድሞ ታይገር እንዲታደንበት ተከልሎ በመቆየቱ ነው።

የአራቫሊና የቪንድያ ተራሮች በሚገናኙበት ሥፍራ፣ በጥንታዊ ምሽግ ዙሪያ የተንጣለለው ይህ ደን የጃይፑር ማሃራጃዎች፣ ማለትም የአካባቢው ነገሥታት፣ የግል አደን ሥፍራ ስለ ነበር፣ ተራው ሕዝብ እንዳያድንበት መከልከሉ የታይገር ዋና ምግብ የሆኑትን አጋዘኖች ከመመናመን አድኗቸዋል። በዚያ ዘመን ታይገር መግደል የሥልጣን ማሳያ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1911 የእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛና አጃቢዎቻቸው በኔፓል ባደረጉት አደን 39 ታይገሮች ሲገደሉ፣ በ1961 ደግሞ የንግሥት ኤልሳቤጥ ባለቤት ልዑል ፊሊፕ በዚሁ በራንታምቦር አንድ ታይገር ተኩሰው ጥለዋል። ሕንድ በ1947 ነጻ ከወጣች በኋላም አደኑ የቀጠለ ሲሆን፣ በአገሪቱ ደኖች ለእርሻ መመንጠራቸው ጉዳቱን አባባሰው።

ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በ1969 በኒው ዴልሂ ባደረገው ጉባኤ የታይገር ህልውና አሳሳቢነት ጎልቶ ከተነሣ በኋላ፣ መንግሥት በ1972 የዱር እንስሳት ጥበቃ ሕግ አወጣ፤ በዚያው ዓመት የተደረገው ቆጠራም በመላ አገሪቱ ወደ 1,800 የሚጠጉ ታይገሮች ብቻ መቅረታቸውን አመለከተ። በ1973 በጠቅላይ ሚኒስትር ኢንድራ ጋንዲ ዘመን የተጀመረው «ፕሮጀክት ታይገር» ራንታምቦርን ጨምሮ ዘጠኝ ጥብቅ ሥፍራዎችን አቋቋመ፤ አሠራሩም ሰው የማይሰፍርበትን መሐል ደንና የተወሰነ አጠቃቀም የሚፈቀድበትን ዙሪያ መለየት ስለ ነበር፣ በራንታምቦር ውስጥ ይኖሩ የነበሩ መንደርተኞች ከቀያቸው ተነሥተው ወደ ሌላ ቦታ ሰፍረዋል።

ጥበቃው ሲጠናከር ሰውን ይሸሹ የነበሩት ታይገሮች በጠራራ ፀሐይ መታየት ጀመሩ፤ ካሜራ ይዘው የሚመጡ ባለሙያዎችም በረከቱ። በ2016 የሞተችው ማችሊ የተባለች እንስት ታይገር በፊልም ብዛት በዓለም ዙሪያ ከታወቁት አንዷ ነበረች። ዝናው ግን ጥበቃን እንደማይተካ በዚያው ግዛት ያለው የሳሪስካ ጥብቅ ሥፍራ አሳየ፤ በዱካ ቆጠራ ላይ የተመሠረተው መዝገብ ታይገሮች እንዳሉ ሲያመለክት፣ ሕገ ወጥ አዳኞች ሁሉንም መጨረሳቸው በ2005 ታወቀ። ከዚያ ወዲህ ብሔራዊ የታይገር ጥበቃ ባለሥልጣን ተቋቁሞ፣ ቆጠራው እንስሳው ሲያልፍ በራሳቸው ፎቶ በሚያነሡ ካሜራዎች መደረግ ሲጀምር፣ በ2006 ወደ 1,411 የተገመተው የአገሪቱ ታይገር በ2022 ወደ 3,682 ከፍ ብሏል፤ ሳሪስካም ከ2008 ጀምሮ ከራንታምቦር በተወሰዱ ታይገሮች እንደገና ተሞልቷል።

ዛሬ ራንታምቦር በእርሻና በመንደር የተከበበ በመሆኑ፣ ለታይገሮቹ የቁጥር መጨመር ብቻውን ዋስትና አይሆናቸውም፤ ከሌሎች ደኖች ጋር የሚያገናኛቸው መተላለፊያ መሬት ያስፈልጋቸዋል። ስለዚህ ፊልሙ የሚያሳየው ውበት ሲመዘን፣ ደኑን ሌት ተቀን የጠበቁት ዘበኞችና ቀያቸውን የለቀቁት ገበሬዎች የከፈሉት ዋጋም አብሮ ሊመዘን ይገባል።