የገና ዳቦና የጎረቤት ሳህን

ስለ ገና ሲወራ ዳቦ ተበድሏል። የዶሮው ዋጋ በሬዲዮ ይነገራል፤ በጉ በቴሌቪዥን ይታያል፤ የቅቤው ነገር በየታክሲው ያከራክራል። ድፎው ግን እንደ ቤት ልጅ ዝም ተብሎ ይታለፋል። ሆኖም በዋዜማው ማታ በወልድያ ወይም በመርሳ ሰፈሮች ላለፈ ሰው የበዓሉን መድረስ የሚነግረው የወጡ ሽታ አይደለም። ወጡ በዚያ ሰዓት ገና ሽንኩርት ነው። አየሩን የሚይዘው ኮባው ሲለበለብ፣ ጥቁር አዝሙዱና ኮረሪማው ሊጥ ውስጥ ሆነው ሲሞቁ የሚሰጡት ሽታ ነው።

ዛሬ ስለዚህ ዳቦ ልጽፍ ነው። የምግብ አሠራር አምድ ልከፍት አይደለም፤ ለዚያ ባለሙያዎቹ አሉ። እኔን የሚገርመኝ ከገና ማዕድ መካከል ዋና ዋናው ሁሉ የፍስክ ሲሆን ዳቦው ብቻ ጾመኛ መሆኑ፣ ይህም ጾመኝነቱ በተለይ በወሎ ምን ሥራ እንደሠራ ነው።

ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል፤ ታኅሣሥ 29፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ ታኅሣሥ 28፣ ይፈታል። እንግዲህ ዳቦው በሚቦካበትና በሚጋገርበት ሰዓት ቤቱ በሙሉ ጾም ላይ ነው። ሊጡ ውስጥ ቅቤ የለም፤ ወተት የለም፤ እንቁላል የለም። የስንዴ ዱቄት፣ ውሃ፣ እርሾ፣ ጨው፣ ምናልባት ትንሽ ዘይትና ስኳር፣ ያ ነው። ሲፈሰክ ቅቤ የሚቀባው ቤት አለ፤ እሱ ግን ዳቦው ከእሳት ከወጣ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው። በእሳቱ ላይ ሳለ የቅቤውን ሥራ የሚሠራው ቅመም ነው፤ ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ አዝሙድ፣ ድንብላል፣ ኮረሪማ። በባዶ ሆድ የሚጋገር ዳቦ ሌላ ችግር አለው፤ ጋጋሪዋ አትቀምሰውም። መርሳ ላይ አንዲት እናት ድፎ ሲያቦኩ አግኝቻቸው ‹‹እማማ፣ ጨው ልኩን እንዴት ያውቁታል?›› ብዬ ጠይቄ ነበር። ‹‹በአፍንጫ ነዋ፣ ልጄ! ሊጥ እኮ ይናገራል። ያልጣመው ሊጥ ዝም ይላል›› አሉኝ። አሥር ዓመት ስለ ‹‹ውበት›› ካስተማርኳቸው ንግግሮች ይህቺ ትበልጣለች።

አጋገሩን ሁሉም ያውቀዋል። ምጣዱ ላይ ኮባ ይነጠፋል፤ በቆላው የሀብሩ ቀበሌ ኮባ ሲጠፋ የሙዝ ቅጠል ይተካዋል። ሊጡ ይደፋል፤ በቅጠል ይከደናል፤ በላዩ ሌላ ምጣድ ወይም ቆርቆሮ ይጫንና ፍም ይደረግበታል። ‹‹ድፎ›› የሚለው ስም ‹‹ደፋ›› ከሚለው ግሥ የተወለደ ይመስለኛል። አማርኛችን በሁለት ወገን የተጨነቀን ሰው ‹‹እንደ ዳቦ፣ ከላይም እሳት ከታችም እሳት›› የሚለው ከዚሁ ምጣድ ወስዶ ነው።

በዚሁ ሰሞን ሌላም ጾመኛ የእህል ሥራ አለ። ከራያ፣ ከቆቦ፣ ከመርሳ ተነስቶ በወልድያ አድርጎ ላሊበላ ለልደት የሚወጣው መንገደኛ ስንቁ በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ነው። በትውፊት ንጉሥ ላሊበላም የተወለደው በዚሁ ቀን ነውና በቤተ ማርያም የቤዛ ኩሉን ዝማሬ ለመስማት ቀን ከሌት በእግሩ ይጓዛል። ቻይናዎች የሠሩትና በደርግ ዘመን የተጠናቀቀው የወልድያ–ወረታ መንገድ ብዙውን ሰው መኪና ላይ አወጣው እንጂ እግረኛውን ጨርሶ አላስቀረም። ዳቦ ቆሎ ለዚህ መንገድ የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል፤ ሳይበላሽ ይሰነብታል፤ ጾም አያስፈታም፤ ለማያውቁት ሰው ደግሞ ከእፍኝ ላይ ይቆነጠርለታል።

አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን ሲመጡ የሚያጫውቱን አንድ ነገር አለ። እዚያ በፈረንጁ ገና ሰሞን ጎረቤት ለጎረቤት ብስኩት በሳህን ይላላካል። ከክብ ብስኩቱ ጋር በሰፊ ትሪ ተጋግሮ በአራት ማዕዘን የሚቆራረጥ፣ ቀረፋ፣ ዝንጅብል፣ ቅርንፉድና ገውዝ የገባበት ጣፋጭ አለ። ደግ ልማድ ነው። ጣጣው ሳህኑ የሚደርሰው በእኛ ታኅሣሥ 16 ግድም መሆኑ ነው። ሀበሻይቱ በምስጋና ትቀበላለች፤ ሳህኑ ግን ቅቤና እንቁላል ነው፤ ጾሙ ደግሞ ገና ሁለት ሳምንት ይቀረዋል። አንዳንዷ ለልጆቿ ትሰጠዋለች፤ አንዳንዷ ማቀዝቀዣ ውስጥ ትሸሽገዋለች። በ29 ደግሞ ተራዋ ነው። ከእስያ ሰዎች ሱቅ በገዛችው፣ በረዶ በያዘው የሙዝ ቅጠል ጠቅልላ የጋገረችውን ድፎ ቆርሳ ለዚያችው ጎረቤቷ ትልካለች።

የሚያስደንቀው የፈረንጁም የገና ጣፋጭ በጥንቱ ጾመኛ የነበረ መሆኑ ነው። በጀርመን፣ በሳክሶኒ ግዛት፣ የድሬስደን ሰዎች የሚኮሩበት ‹‹ሽቶለን›› የሚባል የገና ዳቦ አለ። ከልደት በፊት ያሉት ሳምንታት ያኔ የጾም ሳምንታት ነበሩና ቅቤ አይገባበትም፤ በዘይት ይሠራል። ጥሩ ዘይት ደግሞ በዚያ ብርዳም አገር ከየት ይምጣ? የሳክሶኒ መሳፍንት ወደ ሮም አቤት አሉ። እ.ኤ.አ. በ1491 ጳጳሱ ኢኖሰንት 8ኛ ‹‹የቅቤ ደብዳቤ›› ተብሎ የሚታወቀውን ፈቃድ ላኩላቸው፤ ቅቤ ይፈቀዳል፣ ግን ይከፈልበታል። በፈረንሳይ የሩዋን ካቴድራል አንዱ ግንብ ዛሬም ‹‹የቅቤ ግንብ›› ይባላል፤ በጾም ቅቤ ለመብላት ፈቃድ የገዙ ምዕመናን ባዋጡት ገንዘብ ስለታነጸ ነው። ማርቲን ሉተር በ1520 ለጀርመን መኳንንት በጻፈው መልእክት ይህን የቅቤ ንግድ ክፉኛ ተሳልቆበታል። ከዚያ ወዲህ የፈረንጁ የገና ጣፋጭ ወደ ቅቤው አዘነበለ፤ ቅመሙ ግን አብሮት ቀረ።

እኛ ዘንድ የቅቤ ደብዳቤ የሚጽፍ ጳጳስ አልተገኘም። ቢገኝም፣ እንደማውቃቸው የወሎ እናቶች ከሆነ፣ ደብዳቤው ሳይከፈት ይመለስ ነበር።

ወደ ቅመሙ ልምጣ። የሥነ ጽሑፍ መምህር የነበረ ሰው ጓዳ ሲገባም ቃል ይለቅማል። በገና ዳቦና በገና ሻይ ውስጥ የሚገቡትን ስሞች አስተውሉ። ጥቁር አዝሙዱና ድንብላሉ በእኛው ደጋና ወይና ደጋ ይበቅላሉ። ኮረሪማ የራሳችን የደቡብ ምዕራብ ደን፣ የእነ ከፋ ልጅ ነው። ቅርንፉድ፣ ቀረፋ፣ ሄል፣ ዝንጅብል፣ ስኳር ግን ስማቸው ከዓረብኛ ጋር የተሳሰረ ነው፤ ዓረቡ ቀረንፉል፣ ቂርፋ፣ ሀይል፣ ዘንጀቢል፣ ሱከር ይላቸዋል። ስሙ በዓረብኛ የመጣው ዕቃውም ዓረብኛ በሚናገርበት ባሕር ተሻግሮ ስለመጣ ነው። ቅርንፉዱን ብቻ ብንወስድ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የዓለም ገበያ የሚጠጣው ከዛንዚባርና ከፔምባ ደሴቶች ነበር።

ከባሕሩ ዳር እስከ የጁ ማን አመጣው? ወልድያ፣ መርሳና ሀብሩ በታሪክ የጁ የሚባለው አገር ናቸው። የየጁ መኳንንት፣ ቤተሰቡ ራሱ ከእስልምና የመጣ፣ በዘመነ መሳፍንት በጎንደር ዙፋን ስም አገር ሲያስተዳድሩ ኖረው ራስ ዓሊ በ1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ በካሳ ተሸነፉ። መኳንንቱ ይዋጋሉ፤ ገበሬው ያርሳል፤ የሩቁ ንግድ ግን በአብዛኛው በሙስሊሙ ነጋዴ እጅ ነበር። ኮረሪማውን ወደ ሰሜን፣ እስከ ምጽዋ፣ የሚያወጣው እሱ፤ ጨርቁንና የባሕር ማዶ ቅመሙን የሚያስገባውም እሱ። እንግዲህ በየጁ የክርስቲያን ቤት የገና ዋዜማ ሊጥ ላይ የተነሰነሰው ቅመም፣ ከጓሮ የተለቀመው ሲቀር፣ በሙስሊም ነጋዴ በቅሎና አህያ የመጣ ነው። ዳቦውን ለክርስቲያኑ ብቻ መስጠት በታሪክ ደረጃ ያስቸግራል።

ይህን ስል የወሎን ታሪክ ማር ልቀባው አይደለም። ‹‹ወሎ የፍቅር አገር›› የሚለው አባባል እውነት አለው፤ በሰበብ ሲደጋገም ግን የሆነውን ሁሉ ይሸፍናል። በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ አፄ ዮሐንስ ባደረጉት ጉባኤ የወሎ ሙስሊም ወይ ተጠመቅ ወይ ልቀቅ ተብሏል። የተጠመቀ ተጠመቀ፤ የሸሸ ሸሸ፤ የተዋጋም አለ፤ ቀን ክርስቲያን ሌሊት ሙስሊም ሆኖ የኖረም አለ። አንድ ቤተሰብ ውስጥ ዓሊና ገብረ ማርያም የተገኙት ሁሉ በፍቅር ብቻ የተገኙ አይደሉም። ሰው ግን ከአዋጁ በኋላም ያው ጎረቤት ነው፤ ውሃ የሚቀዳው ከአንድ ምንጭ ነው። አብሮ የሚኖርበትን መላ ራሱ ማበጀት ነበረበት።

አንዱ መላ የማዕድ ሕግ ነው። ሥጋ አይሻገርም። በወሎ ድግስ ለክርስቲያኑ ለብቻ፣ ለሙስሊሙ ለብቻ ይታረዳል፤ ድስቱም ለየብቻ ነው፤ በዚህ የሚቀየም የለም። የገና ዶሮ ስለዚህ በአጥር ላይ አትሻገርም። ቅቤዋ ተነጥሮ፣ ቅመሟ ተሟልቶ፣ እንቁላሏ ተደርድሮ እዚያው ትቀራለች። የሚሻገረው ዳቦው ነው። በቢላ አልታረደም፤ ደም አልነካውም። አብዛኛው ሕዝብ ሙስሊም በሆነበት በሀብሩ የገና ድፎ ሲቆረስ አንዱ ጉማጅ ገና ሳይበርድ ሳህን ላይ ሆኖ፣ በነጠላ ወይም በሰፌድ ተከድኖ፣ በልጅ እጅ ወደ ጎረቤት ይሄዳል። ለቡና ቁርስ ይደርሳል። እኛ ‹‹ከምግብ በኋላ›› ለሚባለው ጣፋጭ ቦታ የለንም፤ የቡና ቁርስ አለን፤ ማጣጣሚያችን እሱ ነው።

ሳህኑ ባዶውን አይመለስም። ይህ ያልተጻፈ ሕግ ነው። በረመዳን የምስር ሳንቡሳ ወይም ቴምር ይዞ ይመለሳል፤ መርሳ ከሆነ ፓፓያ ይዞ ሊመለስ ይችላል። ልብ በሉ፣ የሚመላለሰው ነገር ሁሉ ለሁለቱም ወገን ጾም የሚመች ነው። ማንም ቁጭ ብሎ አልደነገገውም።

ዳቦው ራሱ ግን በዚህ አገር ቀላል ነገር ሆኖ አያውቅም። የሀብሩ ቆላ የማሽላና የጤፍ አገር ነው፤ በዚያው ወረዳ ያለው የሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከልም ከሚታወቅባቸው ሰብሎች ዋናው ማሽላ ነው። ስንዴው የሚወርደው ከደጋው፣ ከእነ ጊዳን፣ መቄትና ዋድላ ነው። ስለዚህ የስንዴ ድፎ ለቆላው ሰው የዘወትር ሳይሆን የበዓል፣ ያውም የተሸመተ ነገር ነበር። በ1966ቱና በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ ደግሞ ስንዴ በወሎ የእርዳታ ጆንያ ማለት ሆነ። የዚያን ዘመን ሰዎች እስከ ዛሬ ነጭ ዱቄት ሲያዩ ፊታቸው ላይ የሚያልፈው ነገር ደስታ ብቻ አይደለም።

የ2014ቱን ገና አልረሳውም። ወልድያና አካባቢዋ ከነሐሴ 2013 ጀምሮ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ቆይተው ነጻ የወጡት በዓሉ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ነው። ወራት ያለ መብራት፣ ያለ ባንክ፣ ያለ ስልክ። መብራት ሲጠፋ ወፍጮ ይቆማል፤ ወፍጮ ሲቆም ዱቄት የለም። አዲስ አበባ ላይ ከውጭ የሚመጣውን ወገን ለመቀበል ሽር ጉድ ሲባል መርሳ ውስጥ የማሽላ ዱቄት በእጅ ተፈጭቶ ድፎ የተጋገረበት ቤት ነበር። ማሽላ ደግሞ እንደ ስንዴ አይነፋም፤ ይፈረካከሳል። የጋገሩት ሰዎች እንደነገሩኝ ቆርሰው ሳይሆን በእጃቸው አፍሰው ነው ለጎረቤት የላኩት። ያንን ሳህን የተቀበሉት ጎረቤቶች ታዲያ ከእነሱ የተሻለ ነገር አልነበራቸውም። ከላይም እሳት፣ ከታችም እሳት።

ከ2015 መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል የመጣው ሌላ ጦርነት ነው፤ የዱቄቱም ዋጋ ሌላ ነው። ድፎው አንሷል። ያነሰ ድፎ ለቤት ይበቃል፤ ለአጥር ማዶ ግን አይተርፍም። ገንዘብ ያለው ደግሞ ከዳቦ ቤት የተጋገረ ይገዛል ወይም ኬክ ያዛል። በኬክ አልጣላም፤ እበላለሁ፣ ያውም ደጋግሜ። የሚያሳስበኝ ካርቶኑ ነው። ኬክ ለጎረቤት በካርቶን ይሄዳል፤ ካርቶን ደግሞ አይመለስም፤ ይጣላል። ሳህን ግን ዕዳ ነው፤ በሩን መልሶ ማንኳኳት ግድ ይላል።

የወሎ ሴቶች ሳህን ከሳህን እንዳይምታታ ከሥሩ ምልክት ያደርጉበታል፤ አንዷ በቀይ የጥፍር ቀለም፣ ሌላዋ በምስማር ጭረት። ወልድያ ውስጥ የማውቃት አንዲት መምህርት መደርደሪያዋ ላይ የእሷ ያልሆኑ፣ ከሥራቸው አረንጓዴ ነጥብ ያለባቸው ሁለት ሳህኖች አሉ። ባለቤቲቱ በ2013 ክረምት ልጆቿን ይዛ ወደ ደሴ እንደሸሸች አልተመለሰችም። መምህርቷ በየዓመቱ ለገና ቤት ስታጸዳ ሁለቱን ሳህኖች አውርዳ ታጥባቸዋለች፤ አድርቃም መልሳ ታስቀምጣቸዋለች።