በእንተ አክብሮተ ሰብእ

ቅዱስ ጴጥሮስ በቀዳሚት መልእክቱ በምዕራፍ 2 ሰውን ሁሉ ማክበርን ንጉሥን ከማክበር አስቀድሞ አዘዘ። ምሥጢሩ እንዲህ ነው፦ ኃያሉንስ በፍርሃትም ያከብሩታል፤ የወደቀውን የሚያከብሩት ግን ስለ ሃይማኖት ነው።

ይህም በአገራችን ታየ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓመተ ምሕረት በአፍደም በሚያልፈው ምድር ባቡር ወደ ጅቡቲ ተሰደዱ። ጠላትም በዚያው ዓመት አቡነ ጴጥሮስን፥ በ1929 የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት ገደለ። ንጉሡ ግን ሚያዝያ 27 ቀን 1933 በድል አዲስ አበባ ሲገቡ፥ ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ አዘዙ።

እንግዲህ ካህናትም ሹማምንትም ሆይ፥ በእጃችሁ የወደቀውን አታዋርዱ። በደሉን ዳኛ ይመርምረው፤ መልኩ ግን የፈጣሪው ነውና ይከበር።