ገመድ አልባ የደኅንነት ካሜራ፡ ፊትን ለይቶ የሚያሳየው ከስንት ሜትር ላይ ነው?

ሞያሌ በኢትዮጵያና በኬንያ ድንበር ለሁለት የተከፈለች የንግድ ከተማ ናት። የሁለቱ አገራት መሪዎች እአአ በታኅሣሥ 2020 የጋራ የድንበር ኬላዋን መርቀው ከፍተዋል። ጭነትና መንገደኛ በሚበዛባት በዚህች ከተማ፣ በኬንያው ወገን ባለው ማንያታ ሱቅ ወይም መጋዘን ላለው ሰው፣ ገመድ አልባ ካሜራ ከዘበኛ ጎን ለጎን የሚታሰብ አማራጭ ነው።

በካርቶኑ ላይ የሚታተሙት ቁጥሮች ግን በተግባር ምን ማለት ናቸው?

የምሥል ጥራት

በቪዲዮ ክትትል በሰፊው የሚሠራበት መለኪያ የማይታወቅን ሰው ማንነት ለመለየት በአንድ ሜትር ስፋት 250 ፒክሰል ያስፈልጋል ይላል። የሚታወቅን ሰው ለመለየት 125፣ ሰው መኖሩን ብቻ ለማወቅ ደግሞ 25 ፒክሰል ይበቃል።

በተለምዶ "ሁለት ሜጋ ፒክሰል" የሚባለው ካሜራ ምሥል ወደ ጎን 1,920 ፒክሰል ነው። ሌንሱ 90 ዲግሪ የሚያይ ከሆነ፣ እንግዳን ፊት ለይቶ የሚያሳየው እስከ 4 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከዚያ ባለፈ ሌባው ይታያል፤ ማንነቱ ግን ላይታወቅ ይችላል። ስለዚህ ካሜራውን ሰፊ ግቢ ላይ ከማነጣጠር በሩ ላይ ማነጣጠር ይመረጣል።

በጨለማ የሚሠራው ኢንፍራሬድ መብራት "30 ሜትር ይደርሳል" ሲባልም፣ እንቅስቃሴ ይታያል ማለት እንጂ ፊት ይለያል ማለት አይደለም።

"ገመድ አልባ" ሲባል

ብዙዎቹ ካሜራዎች ምሥሉን ያለ ገመድ ቢልኩም የኤሌክትሪክ ገመድ ይፈልጋሉ። ዋይፋይ በአብዛኛው በሁለት የሞገድ መደቦች ይሠራል፤ 2.4 ጊጋኸርትዝ ራቅ ብሎ ይደርሳል፣ 5 ጊጋኸርትዝ ደግሞ ፈጣን ቢሆንም ግድግዳ በቀላሉ ያዳክመዋል። ቆርቆሮ ሁለቱንም ይከለክላል። በቆርቆሮ የታጠረ መጋዘን ውስጥ ካሜራውና ራውተሩ እንዲተያዩ ማድረግ ያስፈልጋል።

ሲም ካርድ የሚቀበል ካሜራ ድንበር ላይ ሌላ ጣጣ አለው። የጎረቤት አገርን ኔትወርክ ይዞ ያልታሰበ ወጪ እንዳያስከትል፣ የሮሚንግ አገልግሎቱን መዝጋት ይበጃል።

ማከማቻና ኃይል

በሴኮንድ 2 ሜጋቢት የሚቀዳ ካሜራ በቀን 21.6 ጊጋባይት ይሞላል። 128 ጊጋባይት ካርድ ስድስት ቀን ገደማ ይይዛል ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ አሮጌው ምሥል ይጠፋል። እንቅስቃሴ ሲኖር ብቻ እንዲቀዳ ማድረግ ጊዜውን ያራዝመዋል። ሌባው ካሜራውን ነቅሎ ከወሰደ ካርዱም አብሮ ስለሚሄድ፣ ሌላ ቦታ ቅጂ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

5 ዋት የሚወስድ ካሜራ በቀን 120 ዋት ሰዓት ይፈጃል። መብራት ሲጠፋ ራውተሩም እንደሚጠፋ ማስታወስ ይገባል፤ ባትሪ ወይም ሶላር ሲገዛ የሁለቱም ፍጆታ መደመር አለበት።

ሰዓቱን ማስተካከል

ኢትዮጵያና ኬንያ በአንድ የሰዓት ቀጠና ውስጥ ናቸው። ነገር ግን ካሜራው 02:00 ብሎ የሚመዘግበው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ቀኑም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለሚጻፍ፣ ምሥሉን ለፖሊስ የሚያቀርብ ሰው በየትኛው አቆጣጠር እንደሚናገር መግለጽ አለበት።

ጠባቂውን ማን ይጠብቀዋል?

እአአ በ2016 ሚራይ የተሰኘው ጎጂ ሶፍትዌር ከፋብሪካ የመጣ የይለፍ ቃላቸው ያልተለወጠ በርካታ ካሜራዎችንና ራውተሮችን ተቆጣጥሮ ነበር። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር በነዚሁ መሣሪያዎች በተፈጸመ ጥቃት ትዊተርንና ኔትፍሊክስን የመሳሰሉ ገጾች ለሰዓታት ተስተጓጉለዋል። የካሜራዎቹ ባለቤቶች አብዛኞቹ የሆነውን አያውቁም ነበር።

መከላከያው ቀላል ነው። የይለፍ ቃሉን በመጀመሪያው ቀን መለወጥ፣ ሶፍትዌሩን ማደስ፣ ራውተሩ ላይ ደብሊውፒኤ2 ወይም ደብሊውፒኤ3 የተባለውን ጥበቃ መጠቀም ያስፈልጋል። አምራቹ ማሻሻያ መላክ ያቆመለትን ካሜራ በርካሽ መግዛት አያዋጣም።

ሕጉስ?

ኬንያ የመረጃ ጥበቃ ሕግ ያወጣችው እአአ በ2019 ሲሆን፣ ኢትዮጵያም በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ን አጽድቃለች። ማንነቱ የሚለይ ሰው ምሥል የግል መረጃ ነው። በመሆኑም ሌንሱን ከጎረቤት ግቢና መስኮት ማራቅ፣ ካሜራ መኖሩን በጽሑፍ ማሳወቅ እንዲሁም ምሥሉን ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ አለማቆየት ከጎረቤትም ከሕግም ጋር ያስማማል።