የቀለጠው ምስክር

ሰው በሰው ላይ መፍረድ ምን ያህል እንደሚቀለው ለማየት የሚፈልግ፥ ጥር 8 ቀን 2000 ዓመተ ምሕረት፥ በአውሮጳ ቍጥር ጃኑዋሪ 17 ቀን 2008፥ በሎንዶን ሂትሮው የአይሮፕላን ጣቢያ የደረሰውን ነገር ይመልከት። ከፈራጆቹ አንዱ እኔ ነበርሁና የሌላውን ብቻ አልጽፍም። ከዚህ በታች የምጠራው ዘመን ሁሉ በአውሮጳ ቍጥር ነው።

ሂትሮው ሁለት መንደርደሪያ ብቻ ይዞ፥ ከዓለም ዙሪያ የሚመጣ አይሮፕላን ተራውን ጠብቆ አንዱ ያንዱን ጅራት እየተከተለ የሚወርድበት ስፍራ ነው። በዚያ ቀን 136 መንገደኞችና 16 ሠራተኞች ይዞ ከፔኪን የተነሣው የብሪቲሽ ኤርዌይስ ቦይንግ 777 ረጅሙን መንገድ በሰላም ጨርሶ ለማረፍ ተቃርቦ ነበር። መሪውን የያዘው ረዳቱ ጆን ካዋርድ ሲሆን፥ አዛዡ ካፒቴን ፒተር በርኪል በአጠገቡ ተቀምጦ ነበር። ከምድር 220 ሜትር ያህል ከፍ ብለው ሳሉ ሞተሮቹ ኃይል እንዲጨምሩ ቢታዘዙ፥ መጀመሪያ ቀኙ፥ ከ7 ሰከንድ በኋላም ግራው ኃይላቸው ወረደ። ፈጽመው አልጠፉም፤ ነገር ግን ያንን የሚያህል ከባድ ነገር እስከ መንደርደሪያው የሚያደርስ ጕልበት አልነበራቸውም።

የቀራቸው ጊዜ አንድ ደቂቃ አይሞላም። ካፒቴኑ መሪውን ከረዳቱ ልንጠቅ አላለም። እርሱ እንዲነዳ ትቶ፥ ከክንፉ በስተኋላ የሚዘረጋውን ፍላፕ የሚባለውን መደገፊያ ከ30 ወደ 25 መለሰው። ይህ ለማያውቅ ሰው እንግዳ ነገር ነው። ፍላፕ አይሮፕላኑ በዝግታ ሲሄድ ደግፎ የሚይዘው ስለ ሆነ፥ ኃይል ባነሰበት ሰዓት መቀነሱ ድፍረት ይጠይቃል፤ ግን ደግሞ ነፋሱን እየገታ ጕዞውን ያሳጥራል። መርማሪዎቹ ኋላ ሲያሰሉት፥ በዚህች በአንዲት የእጅ ሥራ አይሮፕላኑ 50 ሜትር ያህል ወደ ፊት አግኝቷል። ያለዚያ የሚወርደው የማረፊያ መምሪያው አንቴና ከቆመበት ፊት ለፊት ነበር።

ከቀኑ 6 ሰዓት ከ42 ደቂቃ ገደማ፥ ለመንደርደሪያው 330 ሜትር ያህል ሲቀረው፥ በሣሩ ላይ ወደቀ። እግሮቹ ተሰበሩ፤ በሆዱ ተንሸራቶ ከመንደርደሪያው ጫፍ ቆመ። አንድ መንገደኛ እግሩ ተሰበረ፥ ሌሎችም ቈሰሉ፤ የሞተ ግን አንድም አልነበረም። ካፒቴኑ በሬዲዮ የድረሱልኝ ጥሪ ሲያሰማ የበረራውን ቍጥር 38 በማለት ፈንታ 95 አለ፤ ውጡ የሚለውንም ትእዛዝ በመጀመሪያ የተናገረው ለመንገደኞቹ ሳይሆን ለመቈጣጠሪያው ግንብ ነበር። እኔ ይህን ባነበብሁ ጊዜ ሰውዬውን ይበልጥ ወደድሁት።

ነገር ግን ያን ያነበብሁት ዘግይቼ ነው። በመጀመሪያው ወራት መርማሪዎቹ ቢፈልጉ ነዳጁ በቂ፥ ሞተሮቹም ደኅና ሆነው ተገኙ። ምክንያት ሲታጣ ወሬ ቦታውን ያዘ፤ ካፒቴኑ ደንግጦ እንደ ሐውልት ደርቆ ቀረ፥ ያዳናቸው ረዳቱ ብቻ ነው ተባለ። በአየር መንገድ ሥራ የሚውል አንድ ወዳጄ ይህንኑ ነገረኝ፤ እኔም በቡና ላይ ለሦስት ሰዎች አሳምሬ ነገርሁ። የደረቀውን ሰውዬ በእጄ እያሳየሁ እንደ ነበር አስታውሳለሁ።

እውነቱ በረዶ ነበር። አይሮፕላኑ ሳይቤሪያን ሲያቋርጥ የውጩ አየር ከዜሮ በታች እስከ 74 ዲግሪ፥ በታንኩ ውስጥ ያለው ነዳጅም እስከ 34 ዲግሪ በርዶ ነበር። ነዳጁ ራሱ የሚረጋው ከዜሮ በታች 57 ዲግሪ ላይ ስለ ሆነ አልረጋም። ይሁን እንጂ ከማናቸውም የአይሮፕላን ነዳጅ ጋር ጥቂት ውሃ አይጠፋም፤ ያ ውሃ በረዶ ሆኖ በነዳጁ ቧንቧ ውስጥ ተለጠፈ። ለማረፍ ብዙ ነዳጅ በተጠራ ጊዜ በረዶው ተላቅቆ ወረደና፥ ነዳጁን በሞተሩ ዘይት ትኵሳት የሚያሞቀውን ዕቃ አፉን ደፈነው። በዚያ ዕቃ ፊት ቀጫጭን ቱቦዎች ጫፋቸውን ብቅ አድርገው ስለ ነበር በረዶው የሚይዝበት አገኘ። ከዚያ በኋላ ቀለጠ። መርማሪዎቹ ሲደርሱ ምስክሩ አልነበረም።

በኖቬምበር 2008 ከሻንጋይ ወደ አትላንታ የሚሄድ ሌላ ቦይንግ 777 አንዱ ሞተሩ እንዲሁ ኃይሉ ወረደ፤ ሁለተኛው ግን ስለ ሠራ፥ ወደ ታች ወርደው በረዶው ሲለቅቅ ኃይሉ ተመለሰ። ይህና በሥራ ቤት የተደረገው ፈተና ነገሩን ገለጠው፤ የሞተሩም ሠሪ የቱቦዎቹ ጫፍ እንዳይወጣ አድርጎ ለወጠው። ሙሉው የምርመራ ጽሑፍ በፌብሩዋሪ 2010 ወጣ። ካፒቴኑ ከመሥሪያ ቤቱ የደኅንነት ሜዳይ ቢሸለምም፥ ወሬው ቤቱ ድረስ ተከትሎት በ2009 ሥራውን ለቅቆ ነበር፤ በ2010 ተመለሰ።

ከዓመታት በኋላ በአንድ ለቅሶ ቤት ስለ አይሮፕላን ወሬ ተነሥቶ፥ አጠገቤ የተቀመጠ የቆየ ወዳጄ፥ «ያ በሎንዶን ደርቆ የቀረው ካፒቴንስ» ብሎ ጀመረ። እጁንም ልክ እኔ እንዳሳየሁት አድርጎ አሳየ። ነገሩ እንዲያ እንዳልሆነ፥ በረዶውንም ፍላፑንም አስረዳሁት።

«ይህን ከየት አመጣኸው?» አለኝ።

«የምርመራውን ጽሑፍ አንብቤ ነው።»

«አንተ ከወረቀት ነው ያነበብኸው፤ እኔ ግን ከታመነ ሰው አፍ ነው የሰማሁት» አለ።

ከማን እንደ ሰማው ረስቶታል። ልነግረው አፌን ስከፍት አዲስ ለቀስተኞች ገቡና ሁላችንም ተነሣን።