ለምን 0.05? የአንድ ቁጥር ታሪክና የእኛ ምርምር

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዬ የመመረቂያ ጽሑፏን ውጤት ይዛ ወደ ቢሮዬ መጣች። ጥናቷ አንድ አጭር ሥልጠና የሥራ አጥ ወጣቶችን ጭንቀት ያቀልል እንደሆነ የሚመረምር ነበር። ፊቷ ጠቁሯል። ኮምፒዩተሩ ያወጣላት ፒ ቫልዩ 0.07 ነው፤ ማለፊያው ደግሞ 0.05። እኔም አማካሪዋ ነኝና፣ «ከሌሎቹ እጅግ የራቁትን መልሶች አውጪና እስቲ እንደገና ሥሪው» አልኋት። በማግስቱ ሰባት መጠይቆችን አስወግዳ 0.04 ይዛ ተመለሰች። ሁለታችንም ደስ አለን። ልትወጣ በሩን ከያዘች በኋላ ግን ዘወር ብላ፣ «ዶክተር፣ ግን ለምን 0.05 ሆነ?» ስትል ጠየቀችኝ። «ሕጉ ነው» አልኋት።

ውድ አንባብያን፣ መልሴ ሐሰት ነበር። እንዲህ ያለ ሕግ የደነገገ አካል የለም። ዛሬ ላወጋችሁ የወደድሁት ለዚያች ተማሪ ልነግራት ሲገባኝ ያልነገርኋትን ታሪክ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው ከቢራ ፋብሪካ ነው። ዊልያም ጎሴት በደብሊን በጊነስ ቢራ ፋብሪካ የሚሠራ ኬሚስት ነበር። የገብስንና የብቅልን ጥራት የሚፈትነው በጥቂት ናሙናዎች ብቻ ስለነበረ፣ ከጥቂት ናሙና ምን ያህል እርግጠኛ መሆን ይቻላል የሚለው ጥያቄ የዕለት እንጀራው ነበር። መልሱን እ.ኤ.አ. በ1908 አሳተመ። ፋብሪካው ሠራተኞቹ በስማቸው እንዲያሳትሙ አይፈቅድም ነበርና «ተማሪ» በሚል የብዕር ስም ወጣ። ተማሪዎቻችን ዛሬም የሚያሰሉት «ቲ-ቴስት» ከዚያ የመነጨ ነው።

ሁለተኛው ሰው ሮናልድ ፊሸር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1919 ጀምሮ በእንግሊዝ አገር በሮትሃምስቴድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ይሠራ ነበር። በጣቢያው ሻይ በሚጠጣበት ሰዓት ሙሪየል ብሪስቶል የተባለች የሥራ ባልደረባው፣ ከወተቱና ከሻይው የትኛው ቀድሞ እንደተቀዳ ቀምሼ አውቃለሁ አለች። ፊሸር ይህን መነሻ አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1935 ባሳተመው መጽሐፉ አንድ ፈተና አቀረበ። ስምንት ስኒ ይቀርባል፤ በአራቱ ወተቱ ቀድሟል፣ በአራቱ ሻይው። ቀማሿ አራቱን ለይታ ታወጣለች። ከስምንት ስኒ አራት የሚመረጥባቸው መንገዶች 70 ናቸውና፣ ምንም ሳታውቅ በግምት ብቻ ሁሉንም የማግኘት ዕድሏ ከ70 አንድ ነው። ፒ ቫልዩ ማለት ይኸው ነው፤ ይኸውም ጉዳዩ የአጋጣሚ ቢሆን ኖሮ ይህን የመሰለ ወይም ከዚህ የበለጠ ውጤት የሚገኝበት ዕድል።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። ከ70 አንድ የተባለው «ቀማሿ የገመተች ከሆነ» በሚል ቅድመ ሁኔታ ላይ የቆመ ስሌት ነው። እውነት ገምታ እንደሆነና እንዳልሆነ የሚናገር ዕድል አይደለም። ይህን ልዩነት የሚስቱ ተማሪዎች ብቻ ቢሆኑ ባልከፋ። ከእኛ ከመምህራኑም የማያምታታው ጥቂት ነው።

0.05ን በምርምር ዓለም ያስፋፋው ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1925 ለተመራማሪዎች የጻፈው የስታትስቲክስ መማሪያ መጽሐፍ ነው። ከሃያ አንድ የሚሆነው ዕድል ከመደበኛ ልይይት ሁለት እጥፍ ገደማ ጋር ስለሚገጥም ለፍርድ የሚያመች ወሰን ሆኖ ታየው። በዓመቱ ደግሞ፣ ይህ ያላጠገበው ሰው ከሃምሳ አንድን ወይም ከመቶ አንድን ሊመርጥ እንደሚችል ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1956 ይባስ ብሎ፣ በየዓመቱና በየሁኔታው በአንድ ቋሚ ወሰን የሚፈርድ ሳይንቲስት የለም ሲል አስረግጦ ተናገረ። አባትየው ያልደነገገውን ሕግ እንግዲህ ልጆቹ ደነገጉት።

እንዴት ቢባል፣ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ኔይማንና ኢጎን ፒርሰን ሌላ መንገድ አቀረቡ። የሌለን ነገር አለ ማለትና ያለን ነገር የለም ማለት ሁለት የተለያዩ ስሕተቶች ናቸውና፣ ጥናቱ ከመጀመሩ በፊት የሁለቱም ዋጋ ይተመን፣ የናሙናውም ብዛት በዚያው ልክ ይወሰን አሉ። ፊሸር እስከ ዕለተ ሞቱ ተቃወማቸው። የሥነ ልቦና መማሪያ መጻሕፍት ግን የሁለቱን ወገን ትምህርት በአንድ ድስት ቀቅለው፣ የማን መሆኑን ሳይናገሩ አቀረቡልን። እ.ኤ.አ. በ1968 ኤስ.ፒ.ኤስ.ኤስ. የተባለው ፕሮግራም ሲመጣ ማሰቡም ለቁልፍ ተተወ።

የስታትስቲክስ አባቶች ሌላም ያወረሱን ነገር አለ። «የዘር ማሻሻል» ለተባለው አስተሳሰብ እ.ኤ.አ. በ1883 ስም ያወጣለት ጋልተን፣ ከእርሱም በኋላ ካርል ፒርሰንና ፊሸር፣ ቁጥሩን የሰውን ልጅ ብልጫና ጉድለት ለመመደብ አውለውታል። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሁለቱም በጋልተን ስም በተሰየመ የዩጂኒክስ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ኮሌጁ የጋልተንንና የፒርሰንን ስም ከሕንፃዎቹ ላይ ያነሣው ገና እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። ስሌቱ ትክክል ሆኖ ጥያቄው ግፍ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምስክር አልሻም።

የቁጥር አምልኮው ፍሬ ዘግይቶ ታየ። እ.ኤ.አ. በ2011 አንድ የታወቀ የሥነ ልቦና መጽሔት ሰዎች መጪውን ጊዜ አስቀድመው ይሰማቸዋል የሚል ጥናት በ0.05 ሚዛን አሳልፎ አተመ። በዚያው ዓመት ሲመንስ፣ ኔልሰንና ሳይመንሶን የተባሉ ተመራማሪዎች፣ የቢትልስን አንድ ዘፈን ማዳመጥ የሰውን ዕድሜ በአንድ ዓመት ተኩል ገደማ ይቀንሳል የሚል «ግኝት» ሆን ብለው በዚያው ሚዛን አሳለፉ። ቁጥር አልፈጠሩም፤ የሚመቸውን ስሌት እየመረጡ የማይመቸውን መተው ብቻ በቃቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ 100 የሥነ ልቦና ጥናቶች እንደገና ተሠሩ። ከመጀመሪያዎቹ 97 በመቶው 0.05ን ያለፉ ነበሩ፤ በድጋሚው ያለፉት 36 በመቶ ብቻ ሆኑ። በሚቀጥለው ዓመት የአሜሪካ ስታትስቲክስ ማኅበር፣ ሳይንሳዊ ድምዳሜም ሆነ የፖሊሲ ውሳኔ በዚህ ወሰን ብቻ እንዳይቆም የሚያስጠነቅቅ መግለጫ አወጣ።

ምስጢሩ ቀላል ነው። ምንም በሌለበት ሃያ ጊዜ ለየብቻ የሞከረ ሰው ቢያንስ አንዴ 0.05ን የማለፍ ዕድሉ 64 በመቶ ያህል ነው። አሥራ ዘጠኙን ደብቆ አንዱን ያሳተመ ሰው ታዲያ ምን አወቀ እንላለን?

ይህ የፈረንጆቹ ጣጣ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም። ስሌቱ እውነት የሚሆነው ናሙናው በዕጣ ሲወጣ ነው፤ ዕጣ ለማውጣት ደግሞ ሙሉ መዝገብ ያስፈልጋል። አገራችን ሕዝቧን የቆጠረችው በ1976፣ በ1987ና በ1999 ዓ.ም. ነው። የሦስተኛው ቆጠራ ውጤት በአማራ ክልል ቁጥር ምክንያት ያስነሣው ክርክር አይዘነጋም፤ አራተኛውም ከአንዴም ሁለቴ ከተላለፈ በኋላ በ2011 ዓ.ም. እንደገና ተራዘመ። ተማሪዎቻችን ታዲያ በእጃቸው ያለውን፣ አብዛኛውን ጊዜም የራሳቸውን ግቢ ተማሪዎች ጠይቀው፣ «የኢትዮጵያ ወጣት» ብለው ይደመድማሉ። የእኛ ጥያቄ ግን ያው «ከ0.05 በታች ነው ወይ?» የሚል ነው።

ወደ ተማሪዬ ልመለስ። ከተመረቀች በኋላ የተወገዱትን ሰባት መጠይቆች ከፍቼ አነበብኋቸው። ከሰባቱ አምስቱ ከሥልጠናው በኋላ ጭንቀታቸው የባሰባቸው ወጣቶች ነበሩ። አንደኛው በመጠይቁ ጠርዝ ላይ፣ ሥራ ሳይኖር ስለ ሥራ መሠልጠን ቁስል መንካት እንደሆነ ጽፏል። የጥናቱ ማጠቃለያ ግን «ሥልጠናው ይስፋፋ» ይላል። የእኔም ፊርማ ከሥሩ አለበት።

ያኔ ልላት ይገባኝ የነበረው ይህን ነበር፦ 0.07ን እንዳለ ጻፊው፤ ለውጡ ምን ያህል እንደሆነና እስከምን ድረስ ሊዋዥቅ እንደሚችል ጨምሪበት፤ የምታወጪው መልስ ካለ ውጤቱን ከማየትሽ በፊት ደንቡን አስታውቂ፤ ከሁሉም በፊት ግን ሰባቱን ሄደሽ አነጋግሪያቸው። አሁን ለአዲስ ተማሪዎቼ የመጀመሪያውን ሰዓት የማስተምረው ኮምፒዩተሩ ሳይከፈት ነው። የስምንቱን ስኒ ታሪክ እነግራቸውና የሰባቱን ወጣቶች አስከትላለሁ። ለምን 0.05 ብሎ የሚጠይቀኝ ሲገኝም «ሕጉ ነው» አልልም።

ቸር እንሰንብት።